የሚስተር ሆሊስ ቀኝ እጅጌ

የሰው ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊት ላይ አይደለም። ከሰርግ ስመለስ ሙሽራዋ ቆንጆ ናት ወይ ብትሉኝ፣ የቀሚሷ ጎን ትንሽ ተስቦባታል ብዬ እመልስላችኋለሁ። ባሌ ሳህሉ በዚህ ጠባዬ ሲስቅብኝ ዕድሜያችን አለቀ። ስለዚህ በዚህ ሰመር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ገበሬዎቹ ቲማቲማቸውን ከሚሸጡበት መንገድ ጥግ፣ ቀይ ጢም ያለው አንድ ፈረንጅ ወጣት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታር ሲጫወት ሳይ፣ ከሙዚቃው በፊት ያየሁት ሸሚዙን ነው። የግራ እጅጌው እስከ አንጓው ወርዶ ተቆልፏል። የቀኙ ግን ሁለት ጊዜ ታጥፎ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ሙቀቱ ነው እንዳልል፣ ታዲያ ግራው ምን በደለ? ቆሜ ይህን ሳሰላስል፣ ቁምጣ የለበሰች አንዲት ልጅ ከሰዉ መሀል ወጣች፣ ከኪሷ አንድ ዶላር አወጣችና ቀርባ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት። ልጁ ቅንጣት አልደነገጠም። ዶላሩን ላቡ ይዞለት መጫወቱን ቀጠለ። እኔ ግን የያዝኩት የጎመን ከረጢት ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ተጠግቼ፣ ይሄ ግንባር ላይ ዶላር መለጠፍ ከየት የመጣ ነው ብዬ ጠየቅኩት። በወግ አስረዳኝ። የድሮ የቨርጂኒያ ብሉዝ ተጫዋቾች ባህል ነው አለኝ። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው፤ እጅጌውም እንደዚያው፤ እሱ ከመምህሩ ነው የወረሰው። መምህሩ የቨርጂኒያ ሰው ነው ወይ ስለው፣ አይ የዴንማርክ ሰው ነው አለኝ። «ሜም፣ ይሄ በጣም ጥንታዊ ነገር ነው» አለ፣ ለማይገባው ሰው እንደሚያስረዱት ዝግ ብሎ። እኔም «ኦ፣ ቬሪ ናይስ» ብዬ አመስግኜው ሄድኩ። ምን ልበለው? ያንን ጥንታዊ ነገር ያመጣው ባሌ ነው፣ አሁን አስፐን ሂል ቤቱ ተቀምጦ ጎመን እየጠበቀ ነው ልበለው? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

ነገሩ የተጀመረው ሲልቨር ስፕሪንግ ገና እየፈረሰች በምትሠራበት ጊዜ ነው። ያኔ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ባለች አንዲት ላውንድሪ ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል ጥግ ተከራይቼ እሰፋ ነበር። ሱሪ ማሳጠር ስምንት ዶላር፣ ዚፕ መቀየር አሥራ ሁለት፣ የኮት ገበር እንደ ሰዉ ፊት። ኮቱ ሁሉ ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ሱሪው ሁሉ ጫማ ላይ ይተኛ ነበር። ዛሬ ልጆቹ የሚለብሱትን ጠባብ ሱሪ ያኔ ለብሶ የመጣ ሰው ቢኖር፣ እጥበት ላይ ተኮማትሮበት ነው ብዬ አዝንለት ነበር። መሀል ከተማው ላይ ሕንጻ እስኪሠሩ ብለው አረንጓዴ ሰው ሠራሽ ሣር አንጥፈው ነበር። ልጆች ይንከባለሉበታል፤ የእኛ ሽማግሌዎች ደግሞ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠው፣ የአገር ቤቱን መንግሥት ያወርዱበታል፣ ይሾሙበታል። አገር ቤት የሚደወለው በካርድ ነበር። ባለ አምስት ዶላሩን በሳንቲም ፍቀህ ቁጥሩን ስታስገባ፣ ብዙ ደቂቃ አለህ ይልህና ገና እንዴት ናችሁ ብለህ ሳትጨርስ ይቆረጣል። ሣሩም ካርዱም ዛሬ የሉም። ካርዱ ሲፋቅ ጥፍር ሥር የሚቀረው ግራጫ ዱቄት ግን አሁንም ያለ ይመስለኛል።

ሳህሉ አገር ቤት ሳለን ከአንድ የሆቴል ባንድ ጋር ጊታር ይጫወት ነበር። እንደ ሌሎቹ በፒክ አይደለም። ክራር እንደሚደረድር ሰው አምስቱንም ጣቱን ያሠራ ነበር። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ ጊታሯ አብራን መጣች፤ ለእሷ ኪሎ ሲባል የእኔ በርበሬ ኤርፖርት ቀረ። እዚህ በሁለተኛው ዊንተር፣ ዊተን ሜትሮ ጣቢያ ደጃፍ በረዶ ላይ ተንሸራተተ፤ ሲወድቅም በቀኝ እጁ መሬት ያዘ። አጥንቱ ገጠመ። መሀል ጣቱ፣ የቀለበቱና ትንሿ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉ። ሐኪሙ ነርቭ ነው አለ። ማንኪያ ይይዛል፣ መሪ ይይዛል፣ በሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ትኬት ይሰጣል። ጊታሯን ግን በቃ አለና ሳጥኗ ውስጥ ከቶ፣ ክሎዜት ውስጥ ከኮቶቼ ኋላ አቆማት። አላማረረም፣ አላለቀሰም። እኔ የፈራሁት እሱን ነበር። መኪናው ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ተወ። ሻወር ውስጥ ማንጎራጎር ተወ። ጓደኞቹ ሲመጡ ይስቃል፣ ሲሄዱ ግን ፊቱ እንደ ተዘጋ ሱቅ ይሆናል። ባሌን ከጊታሯ ጋር ክሎዜት ውስጥ እንዳላጣው ነበር ጭንቀቴ።

አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ስንመለስ፣ ጎረቤታችን ደጃፏ ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግታ ትሸጥ ነበር። ከሳህኖቹ መሀል አንድ ሲዲ አየሁ። ሽፋኑ ላይ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ባለ ሦስት ፍሬ ቡናማ ሱፍ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ጊታር ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሱፉ ጥሩ ሱፍ ነው፤ አንገቱ ላይ አተኛኘቱ ያምራል። ግን የቀኝ እጅጌው ከግራው በአራት ጣት ያጥራል። ማነው ይሄንን ሰው እንዲህ አድርጎ ለፎቶ ያወጣው? ሰፊው ሰክሮ ነው? ወይስ የሰውዬው ክንድ እኩል አይደለም? ለእሱ መልስ ስል በአንድ ዶላር ገዛሁት። ሙዚቃውማ ከነጭራሹ ትዝ አላለኝም።

ሲዲው መኪናው ውስጥ የገባው እኔ ግድ ብዬ ነው። ሳህሉ ትንሽ ሰማና መንገድ ዳር አቆመ።

«እነማን ናቸው?» አለኝ።

«እነማን ማለት?»

«ሁለት ጊታር ነዋ። አንደኛው ወፍራሙን ክር እንደ ከበሮ ይመታል፣ ሌላው ከላይ ይዘፍናል።»

ሽፋኑን አሳየሁት። አንድ ሰው ነው ያለው አልኩት። «ሁለተኛው ፎቶ አልተነሳማ!» አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ሲዲ ከመኪናው አልወጣም። ከአስፐን ሂል እስከ ሥራው ደጃፍ ሁለቱን ሰዎች ለመለየት ይሰማል፤ አንደኛው ሲደክም ሌላው መቼ እንደሚቀድም ሊይዛቸው። ባሌ ሬዲዮ ከዘጋ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ለማወቅ መጓጓቱ ለእኔ እልልታ ነበር።

ያኔ ፌንተን ስትሪት ላይ ዳምጠው የሚባል ጓደኛ ነበረን፤ ከሳህሉ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ፣ ካሴትም በርበሬም የሚሸጥ፣ ለሁሉም ነገር የመጨረሻውን ቃል የሚናገር ሰው። ሲዲውን ወስዶ የሽፋኑን ጀርባ በመነጽሩ አነበበና ፈረደ። ጊታር ሆሊስ ይላል፣ ድምፅ ሆሊስ ይላል፣ ሌላ ስም የለም። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። «እንዲያውም» አለ ዳምጠው፣ «ሰውዬው የሚጫወተው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ብቻ ነው ይላል።»

ሳህሉ የዚያን ቀን እንደተቆጣው ተቆጥቶ አያውቅም። «ውሸት ነው! በሁለት ጣት ይሄ አይወጣም! ሙዚቃ የማያውቅ ነው የጻፈው!» ዳምጠውም እልኸኛ ነው፤ በክትፎ ተወራረዱ። ዳምጠው ክርክር መስሎት ነበር። እኔ ግን ገባኝ። ለሳህሉ የቀሩለት እነዚያው ሁለት ጣቶች ነበሩ። ሁለት ሰው ከሆኑ ጊታሯን ክሎዜት ማስገባቱ ልክ ነበር፣ አዝኖ ተቀምጧል፣ አለቀ። አንድ ሰው ከሆነ ግን ያ ሁሉ ዝምታ በከንቱ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት መሆናቸውን አጥብቆ ይፈልጋል፤ አንድ መሆኑን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈልጋል። እኔም ጓጓሁ፣ በእጅጌውም በጣቱም።

ልጃችን ማህሌት ያኔ ሃይስኩል ነበረች። በኮምፒውተር ፈልጋ፣ ሰውዬው በሕይወት አሉ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት፣ እሁድ ከሰዓት ይጫወታሉ ብላ አመጣችልን። አራታችን ሄድን። ሳህሉ የሰርግ ሱፉን ለበሰ። ኮንሰርት ቢሉት እሱ የሚያውቀው ሰዉ የሚነሳበት፣ የሚጨፈርበትን ነው። የገባንበት ግን ድሮ ቤተክርስቲያን የነበረ ትንሽ አዳራሽ ነው። ወለሉ ሲረገጥ ይጮኻል። በሩ ላይ አንዲት ሽበታም ሴት ስልክ አጥፉ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ አታውሩ፣ አትነሱ አለችን። ለቅሶ ቤት እንኳ እንደዚያ ጸጥ አይባልም። ዳምጠው ሳል ይዞት ፊቱ ቀላ።

ሚስተር ሆሊስ ብቻቸውን ወጡ። ያው ቡናማ ሱፍ፣ ያው አጭር እጅጌ። ተቀምጠው ጊታሩን ጭናቸው ላይ ካደረጉ በኋላ ጀመሩ። ሳህሉ መድረኩን ከግራ ወደ ቀኝ አየ፣ መጋረጃውን አየ። ሌላ ሰው የለም። ከዚያ እጃቸውን አየ። አውራ ጣታቸው ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ይወርዳል ይወጣል፣ ሌባ ጣታቸው ከላይ ይለቅማል፣ ሦስቱ ጣቶች የጊታሩ ሆድ ላይ ጋደም ብለው እንደ ሥራ ፈት ያያሉ። ሳህሉ የገዛ ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ተመለከተው። እኔ ያንን ሳይ እንባዬ መጣ። ከዚያ ብድግ አለ።

«ዳዲ፣ ሲት ዳውን» አለች ማህሌት በሹክሹክታ። የሚሰማ የለም። ወለሉ እየጮኸ በመሀል መንገዱ ሄደ፤ ከኪሱ ሃያ ዶላር አወጣ፤ መድረኩ ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ፣ የእኛ ሰው አንጀቱ ሲበላ እንደሚያደርገው፣ የሚስተር ሆሊስ ግንባር ላይ ለጠፈው። በመዳፉም ጫን አደረገው። አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ «ሀ!» አለ። ሽማግሌው ዘፈናቸውን አቆሙ፣ አውራ ጣታቸው ግን አላቆመም። ሽበታሟ ሴትና አንድ ጎልማሳ ሰው መጥተው ሳህሉን በክንዱ ይዘው አወጡት። እኛም ተከተልን። ዳምጠው ብቻ ለቲኬቱ ከፍያለሁ ብሎ ተቀምጦ ቀረ፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእሱ ነው።

ውጭ የአሌክሳንድሪያ ቀይ ጡብ መንገድ ላይ ቆምን። ማህሌት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና «ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ ኤምባራስ አደረገን፣ ቱሪስት እንኳን እንደዚህ አያደርግም» ትላለች። እኔም አፍሬ ነበር፤ ፖሊስ ይጠሩ ይሆን ብዬም ፈርቻለሁ። ሳህሉ አንዳችን የምንለውን አልሰማም።

«አንድ ሰው ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ዘነበች፣ አንድ ሰው እኮ ነው» አለኝ።

ዳምጠው ሲወጣ ዜናውን ይዞ ወጣ። ሽማግሌው ዘፈናቸውን ሃያ ዶላሩ ግንባራቸው ላይ እንዳለ ጨረሱት፤ ከዚያ አንሥተው አይተው አጥፈው ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱት። ማህሌት በማግሥቱ አዳራሹን ኮል አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ስልክና አድራሻ ቢሏት የላውንድሪውን ሰጠች። ሳህሉ ግን ወደ ክሎዜቱ አልሄደም። የሚያየው እጁን ብቻ ነበር። እሳቸው ሲወለዱ የተሰጣቸው ነገር ይሆናል ይለኛል፤ አምስት ጣት ያለው ሰው ሁለቱን መርጦ ቢጫወት ሌላ ነው፣ ሦስቱ የሞቱበት ሌላ ነው።

መልሱ ራሱ በእግሩ መጣ። በሳምንቱ ኮት እየተረተርኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ሚስተር ሆሊስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ረጅም፣ ከሲታ፣ የጫማቸው ቆዳ የሚያበራ ሰው ናቸው። ከእኔ እንግሊዝኛ ጋር መጨቃጨቅ እንደማያዋጣ ቶሎ ገባቸው መሰለኝ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ብዙ ዘመን ተጫውቻለሁ። አበባ ተወርውሮልኛል፣ አንድ አገር ደግሞ ጠርሙስ ተወርውሮብኛል። ግንባሬ ላይ ገንዘብ የለጠፈ ግን የለም። መከበሬ ነው መሰደቤ? እሱን ሳላውቅ እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ነው የመጣሁት።»

«ጉድ ነው፣ ቬሪ ጉድ» አልኳቸው። «ሰርግ ላይ እናደርጋለን።»

«ሰርግ? ታዲያ ማንን አገባሁ?»

ሳቅን። ሳህሉን ደውዬ ጠራሁት። እስኪመጣ ግን እኔም ስንት ጊዜ ያሳደርኩትን ጥያቄ አወጣሁ፤ እጅጌዎን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው አልኳቸው። ወደ ክንዳቸው አዩና ፈገግ አሉ። ቁልፉ የጊታሩን እንጨት ይቧጭራል፣ ጨርቁ ክሩን ይነካል፤ ስለዚህ ባለቤታቸው እሳቸው የሚገዙትን ኮት ሁሉ በቀኙ ታሳጥር ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚሰፋላቸው የለም። እጅጌውን ገለበጡልኝ፤ አዲሱ ኮት በሁለት መርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሰክሯል ያልኩት ሰፊ ሚስት ነበረች ለካ። ኮቱን አስወልቄ እዚያው ሰፋሁላቸው፤ ሂሳብ ሲጠይቁኝ ሰርግዎ ነው አልኳቸው።

ሳህሉ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ መጣ። አጎንብሶ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ እሳቸውም የቀኝ እጁ ሲጨብጥ ሦስቱ ጣቶች እንደማይከተሉ ወዲያው ተሰማቸው። ለቀቅ አላደረጉትም። ገለበጡት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍ አደረጉ። «ጊታር ትጫወት ነበር?» አሉት። «ነበር» አለ። ለምን በሁለት ጣት እንደሚጫወቱ ጠየቃቸው።

ሚስተር ሆሊስ የነገሩንን እስከዛሬ በየሄድኩበት አወራለሁ። ያደጉት ቨርጂኒያ ውስጥ ትንባሆ የሚተክሉ ሰዎች መንደር ነው። ጊታር ያስተማራቸው አጎታቸው ነው። ያ አጎት እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሲሠራ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች መጋዝ ቆርጦበት ነበር። ሁለት ጣት ነው የቀረው፤ በሁለቱ ይጫወታል። ትንሹ ሆሊስ ሌላ ጊታር የሚመታ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ጊታር የሚመታው እንዲህ ነው ብሎ ያዘ። ጎልማሳ ሆነው አሌክሳንድሪያ ባቡር ጣቢያ ሥራ ሲገቡ ነው አንድ ሰው በአምስት ጣት ሲጫወት ያዩት። «ምን ያለ አባካኝ ነው ብዬ አዘንኩለት» አሉ። ከዚያ ስንት ጊዜ በኋላ የኮሌጅ ልጆች ከበረንዳቸው ላይ አግኝተዋቸው፣ ሸክላ አስቀርጸው፣ ባሕር አሻግረው አዟዟሯቸው። ዛሬ ከጃፓን ከዴንማርክ ሳይቀር የሚመጣው ተማሪ ሁሉ ሦስት ደህና ጣቶቹን አሳርፎ በሁለት ጣት ይለፋል። አንዱማ አሉ፣ ዘፈኑ መሀል አንዲት ሳል ያስላል። ለምን ይሆን ብለው ሸክላውን ቢያስታውሱት፣ ያን ቀን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ከመምህሩ ደቀ መዝሙሩ ማለት ይሄ ነው።

ሳህሉ አልሳቀም። ያቺን እጁን አየ። «አጎትዎ ጣቶቹን ካጣ በኋላ ነው የተጫወተው?» አለ።

«ከዚያ በፊት ይጫወት እንደነበር እንጃ። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።»

ማታ ከሥራ ስገባ ኮቶቼ ሁሉ አልጋው ላይ ተጥለዋል። አልተቆጣሁም። ሳህሉ የክሎዜቱ በር ላይ ተቀምጦ አዲስ ክር እየወጠረ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት፣ ሚስተር ሆሊስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ፤ ከተሰቀሉት ኮቶችና ከላስቲኩ መሀል ሁለት ወንበር እዘረጋላቸዋለሁ። የታጠበ ልብስ ሊወስድ የመጣ ሰው ልብሱን ረስቶ ቆሞ ይቀራል። ያን ጊዜ አንድ ስኒ ማኪያቶ በሁለት ዶላር ነበር፤ ሚስተር ሆሊስ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ለሁላችን ይጋብዛሉ። ሳህሉ የእሳቸውን አመታት ቀስ በቀስ ያዘው። እሳቸው ግን የእኛን ችክቺካ እስከ መጨረሻው አልቻሉትም። ያ አንከስ እያለ የሚሄደው ምታችን አውራ ጣታቸው ላይ ሲደርስ ይቃናል። «የእኔ አውራ ጣት ከባቡር ነው የተማረው» ይላሉ፣ «የአንተ ግን ከበቅሎ ነው።» እንደገና ንገረኝ፣ እንደገና አሳየኝ ይሉታል፤ በዚያ ዕድሜ እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። እሳቸው ያቃታቸውን ለመያዝ አጠገባቸው የሚቀመጥ ቀጭን የዴንማርክ ልጅ ነበር፤ አንድ ሰመር ሙሉ ከሳህሉ ጣት ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ተማረው። ሽልማቱም ቀጠለ። ሚስተር ሆሊስ በየመድረኩ የወደደኝ ሰው መጥቶ ግንባሬ ላይ ይንገረኝ ማለት ጀመሩ። ያቺ ሽበታም ሴት እንኳ አንድ ቀን ከበሩ ተነሥታ ለጠፈች አሉ።

ያረፉት በጸደይ ነው። የለበሱት ያንኑ ላውንድሪው ውስጥ ያሳጠርኩላቸውን ኮት ነው። አስከሬኑን የሚያሰናዳው ሰው ደውሎ፣ ኮቱ ስህተት አለበት፣ ቀኙ ያጥራል፣ እናስተካክለው ወይ አለኝ። «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። ሰፊ ሆኜ ያለ እኩል እጅጌ የሰደድኩት ኮት እሱ ብቻ ነው፤ እንደዚያ የምኮራበትም የለኝም።

በመታሰቢያው ቀን አሌክሳንድሪያ ቤተክርስቲያናቸው ውስጥ ተማሪዎቻቸው በተራ ተጫወቱ፤ ሁሉም ቀኝ እጅጌው ወደ ላይ። ሳህሉ መጨረሻ ነበር። የሳቸውን ዘፈን ወሰደና በእኛ ምት፣ በሁለት ጣት መታው። ቤቱ ጸጥ አለ፣ ያው እንደ መጀመሪያው ቀን። መታሰቢያ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ የለም። ወለሉ ጮኸ፤ ዞር ብል ማህሌት ናት። ያኔ በሁለት እጇ ፊቷን የሸፈነችው ልጅ፣ አሁን የራሷ ሥራ ያላት ሴት፣ በመሀል መንገዱ ቀጥ ብላ ሄዳ አባቷ ግንባር ላይ ሃያ ዶላር ለጠፈችና በመዳፏ ጫን አደረገችው። ሳህሉ ዓይኑን ጨፍኖ መታ። እኔ እልልታዬ አመለጠኝ፤ ባፕቲስቶቹም «ኤመን» አሉልኝ።

ያ ሁሉ ዓመት አለፈ። ላውንድሪው ዛሬ የስልክ መሸጫ ነው፤ የማኪያቶውን ዋጋ አትጠይቁኝ። ዳምጠው ወደ ስፕሪንግፊልድ ልጆቹ ጋ ሄደ፣ ያንን ክትፎ እስከዛሬ ያነሳዋል። ሳህሉ ጉልበቱ እምቢ ካለው ወዲህ ብዙ አይወጣም፤ ጊታሯ ሳሎን ናት፣ አንዳንድ ቀን ያነሳታል፣ አንዳንድ ቀን ያያታል። ሰሞኑን ደግሞ ማየቱ በዝቶበት ነበር። እኔ ያየሁት ሁሉ የት ገባ ይላል፤ አንድ ሰው እንኳ አላስተማርኩም ይላል።

ቅድም ስለዚያ ባለ ቀይ ጢም ልጅ ስነግራችሁ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። አመስግኜው ጎመኔን ይዤ ጥቂት እንደሄድኩ፣ ከኋላዬ ሌላ ዘፈን ጀመረ። አውራ ጣቱ አንከስ ይላል። ባቡር አይደለም፣ በቅሎ ነው። ተመልሼ ይሄስ ምንድን ነው አልኩት። «እሱም የድሮ የቨርጂኒያ አመታት ነው» አለኝ።

ቤት ገብቼ ለሳህሉ ሁሉንም ነገርኩት። እጅጌውን፣ ዶላሩን፣ ዴንማርካዊውን። ችክቺካው ላይ ስደርስ ሬዲዮውን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ። ይስቃል ወይም ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሲሰሙት ስንት ሰው ይመስላል?» አለኝ።

«ሁለት» አልኩት።

ቀኝ እጁን አነሣና አየው።

«ገበያው ሳይበተን ጫማዬን አምጪልኝ» አለኝ፤ «አንድ ዶላርም ያዢ።»